ኮምፒዩተሩ የመረጠው ስንዴ

ኅዳር 10 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ ዓለም ገና

አባዬ ካረፈ ወዲህ ሆሳዕና የገባችው እማዬ ደውላ «አሁንም ያንን የኮምፒዩተር እርሻ ነው የምታርሺው?» አለችኝ። አዎ እማዬ፣ እሱኑ ነው የማርሰው። ስንት ጊዜ አስረድቻታለሁ! የአፈሩን ጥልቀት፣ የዝናቡንና የፀሐዩን መጠን ለኮምፒዩተሩ እነግረዋለሁ፤ እሱ የሠላሳ ዓመቱን አየር እያፈራረቀ በሆዱ ስንዴ ያበቅላል። ሥሩ ጠለቅ ቢል ምን ይሆናል? ቀደም ብሎ ቢያብብስ? እያልኩ እጠይቀዋለሁ። ሜዳ ላይ ስንት ዘመን የሚፈጀውን ሌሊቱን ሠርቶ ጠዋት ይነግረኛል። አለቃዬ ዶክተር ጎበና ደግሞ እሱ ያለውን ይዘው እናትና አባት የሚሆኑትን ስንዴዎች መርጠው ያዳቅላሉ። «ታዲያ ይበላል?» አለች እማዬ። ገና ነው፣ አፈር ስሆን ታገሺኝ አልኳት።

ካዳቀልናቸው ሁሉ የኮምፒዩተሩ ተወዳጅ ልጅ አሥራ አራት ቁጥር ነው። ዝናብ ቀድሞ በሚቆምበት ዓመት ሌሎቹን በሙሉ ይበልጣል ብሏል። ዘንድሮ ዝናቡ ቀድሞ ቆመ። ዛሬ ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ዶክተር «ሮዳስ፣ ሎተሪ ወጣልን!» አሉኝ። አገር በድርቅ ያለቅሳል፣ እኛ ሎተሪ ወጣልን እንላለን። ማፈር ነበረብኝ፤ ደስ ነው ያለኝ።

የሱሉልታውን ሙከራ ውርጭ ከበላው ወዲህ የቀረኝ ከሰበታ ወጣ ብሎ ገበሬው ኦቦ ኢቲቻ ከማሳቸው ቆርሰው በሰጡን ላይ ያለው ብቻ ነው። እሱ ይታጨዳል፣ እያንዳንዱ መደብ ለብቻው ተወቅቶ ይመዘናል፣ ከዚያ ኮምፒዩተሩ ካለው ጋር ይነጻጸራል። ከተስማማ አሥራ አራት መጋዘን ካስቀመጥነው ዘር ተባዝቶ ለገበሬ ይሄዳል። ካልተስማማ ሦስት ዓመት ሙሉ ጌም ስጫወት ነበር ማለት ነው።

ኅዳር 16

ሰበታ ዋልኩ። ስንዴው ያምራል፣ ዓይን አያውጣው። ችካሎቼን አንድ በአንድ ዞሬ አየሁ፤ ሁሉም ቆመዋል። ለዓይን እኮ ሁሉም ያው ስንዴ ነው፤ የቱ የቱ እንደሆነ የሚናገረው ችካሉ ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ነው። ጫፋቸውን ቀይ የቀባሁት ከላይ ፎቶ ሲነሳ እንዲታይ ብዬ ነው።

ከወንዙ ማዶ ደግሞ ክረምት ላይ የልኬታ ሰዎች የመቱት ችካል አለ። የሱም ጫፍ ቀይ ነው። የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን እስከዚህ ይደርሳል፣ መሬታችን ይወሰዳል እየተባለ ሰዉ እንቅልፍ አጥቷል። ኦቦ ኢቲቻ «የነሱ ለፎቅ፣ ያንቺ ለስንዴ» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።

ስመለስ ሁለት ሴቶች ከኋላዬ በኦሮምኛ ያወራሉ። መልኬን አይተው አትሰማም ብለው ነው፤ ዓለም ገና ተወልጄ ማደጌን በምን ይወቁ። «ኢቲቻ መሬቱን ሸጠ። ችካሉን አላየሽም? ይቺ ናት የምትለካለት» አለች አንደኛዋ። ዞር ብዬ «አይደለም እናቴ፣ የስንዴ ነው» ማለት እችል ነበር። ሚኒባሱ ሊሞላ አንድ ሰው ቀርቶት ነበር፤ ሮጥኩ።

ኅዳር 24

ጊንጪ የተጀመረው ተቃውሞ ወደዚህ እየመጣ ነው ይላሉ። ዶክተር ጎበና ከቡራዩ ሲመጡ መንገድ ተዘግቶባቸው እኩለ ቀን ላይ ገቡ፣ ፊታቸው አመድ መስሎ። ስለ መንገዱ ስጠይቃቸው «ሪፖርቱ ጥር ላይ ነው፣ እንዳትረሺ» አሉኝ። የጠየቅኳቸው ሌላ ነው። መጻፍ አልቻልኩም፣ ደክሞኛል።

ኅዳር 28

ኦቦ ኢቲቻ ደወሉ። ድምፃቸው ልክ አይደለም።

የራሳቸውን ስንዴ ለማጨድ ደቦ ጠርተው ነበር። ባለቤታቸው አዴ ቦሰና ጠላውን ጠምቀው፣ ንፍሮውን ቀቅለው ከጠዋት ጀምሮ ጠበቁ። ፀሐይ ወጣች፣ ሰው የለም። ረፈደ፣ ሰው የለም። የመጡት ሁለት የሥጋ ዘመዶች ብቻ ናቸው። እሳቸው በሰው ደቦ ላይ ቀርተው አያውቁም፤ ታመው እንኳ ማጭዳቸውን ይዘው ይሄዱ ነበር። እዚያ ሰፈር ደቦ ጠርቶ ሰው የቀረበት በቁሙ የተቀበረ ያህል ነው።

«ሰዉ ምን አለ?» አልኳቸው።

«ምንም አላለም። የከፋው እሱ አይደል?» ካሉ በኋላ «ልጄ፣ ይቺን ችካል ብንነቅላትስ?» አሉኝ።

«ኦቦ ኢቲቻ፣ በጌታ ይዤዎታለሁ፣ ትንሽ ቀን ይታገሱኝ። የሚዘገየው ስንዴ ገና አረንጓዴ ነው። ችካሉ ከተነቀለ የቱ የቱ እንደሆነ እግዜር ብቻ ነው የሚያውቀው።»

«እሺ። ቃል ሰጥቻለሁ፣ ይቁም» አሉ።

እሺ ሲሉኝ ቀለለኝ። ሰው ሲጨነቅ እኔ ይቀለኛል፤ ምን ዓይነት ፍጥረት ነኝ? ግን እኮ ትንሽ ቀን ነው። ወሬ ነው፣ ይረሳል። ስብሰባ ጠርቼ ለሰፈሩ አስረዳለሁ። ነገ ወይ ከነገ ወዲያ።

ታኅሣሥ 2፣ ቅዳሜ

ጎማ ይቃጠላል። የጅማ መንገድ ዝግ። ተኩስ ሰማሁ፣ ወይም መሰለኝ። አከራዬ «ዛሬ ማንም ከዚህ ግቢ አይወጣም» ብለው ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱት። ኔትወርክ የለም።

ስንዴው ደርሶ ይሆን?

ልጆች እየተመቱ ነው እየተባለ እኔ ስለ ስንዴ አስባለሁ። እግዚኦ።

ታኅሣሥ 4

ስልክ ተከፈተ። ዶክተር ጎበና፣ የመሥሪያ ቤት መኪና እንዳይንቀሳቀስ ተከልክሏል አሉ። አጫጆቹም መምጣት አይችሉም፤ ሚዛኑና ከረጢቱም እዚያው ቢሮ ተቆልፎባቸዋል። ስለ ደቦው ነገርኳቸው። «ያሳዝናል» አሉ። ቀጥለው «ችካሉን ግን አንድም እንዳትነኩ» አሉ። እኔም እንደዚያው ነበር ያሰብኩት፤ ከሳቸው አፍ ስሰማው ግን ጆሮዬን ቀፈፈኝ። ለሰፈሩ ሰው አስረዳለሁ ያልኩትን ገና አላስረዳሁም። በዚህ ጊዜ ስብሰባ ማን ይጠራል?

ታኅሣሥ 6

ትናንት የኦቦ ኢቲቻን ድርቆሽ አቃጠሉት። ማን እንደሆነ አይታወቅም። ለከብቶቻቸው እስከ ክረምት ያከማቹት ነው። ጎረቤት ሁሉ እሳቱን ቆሞ አየ እንጂ አንድ ባልዲ ውኃ ያነሳ የለም። አዴ ቦሰና ወፍጮ ቤት ሲገቡ ወሬው ሁሉ ጸጥ ይላል አሉ። «እኔን ቢጠሉኝ ግድ የለኝም። እሷ ግን ከሰው ተቆርጣ መኖር አትችልም» አሉኝ ኦቦ ኢቲቻ በስልክ። ከዚያ በኋላ ችካሉን ተዉት ለማለት አፍ ከየት ይምጣ።

«ይንቀሉት» አልኳቸው። በቃ፣ አልኩት። ግን ምላሴ እዚያ ላይ መቼ ቆመች። «አራቱን የማዕዘኑን ብቻ ይተዉልኝ፤ እነሱ ካሉ ካርታውን መልሼ እዘረጋዋለሁ» አልኩ።

«የትኞቹ ናቸው የማዕዘን?»

አስረዳኋቸው። ማሳው ተቆርጦ የገባ ቦታ ስላለው ነገሩ ቀላል አይደለም። ደገሙልኝ፣ ተሳሳቱ፣ እንደገና ነገርኳቸው።

«አንቺ መምጣት አትችይም?» አሉ በመጨረሻ።

«መንገዱ ዝግ ነው» አልኩ።

መንገዱ ለመኪና ነው ዝግ። በእግር ሰው ይሄዳል፤ ወተት የምታመጣልን ሴትዮ ዛሬም ከዚያው ነው የመጣችው። እኔ ግን እግሬን ያመኛል። ደግሞ «ያቺ የምትለካዋ ሴት» ብሎ የሚያውቀኝ ሰው ቢያጋጥመኝስ? ለሳቸው ሰፈራቸው ነው፤ ነገ ማለዳ ነቅለው ይጨርሱታል። ይሄን ያህል የሚያስጨንቅ ነገር አይደለም። ለምን እንደምጽፈውም አላውቅም።

ታኅሣሥ 7

ኦቦ ኢቲቻ ታሰሩ።

ችካሉን ሲነቅሉ የጥበቃ መኪና ደረሰ። የመንግሥት ችካል ነቃይ ብለው ወሰዷቸው። አዴ ቦሰና እያለቀሱ ደወሉ። «አራቱን እየለዩ ነው የዘገዩት እንጂ ጨርሰው ነበር» አሉኝ። ሊወቅሱኝ ብለው አይደለም፤ እንደሆነው ነው የነገሩኝ።

ምነው ምላሴን በቆረጠው።

ታኅሣሥ 8

በእግሬ ሄድኩ። እግሬን አላመመኝም።

ጣቢያው ግቢ በሰው ተሞልቷል፤ ልጆቻቸውን የሚፈልጉ እናቶች፣ ምሳ የያዙ። መርማሪው ዘንድ እስክገባ ቀኑ ገፋ።

«ችካሉ የኔ ነው» አልኩት።

«የማን?»

«የኔ። የስንዴ ሙከራ ነው።»

«ስንዴ ከሆነ ለምን ነቀለው?»

«እኔ ነኝ ይንቀሉ ያልኳቸው።»

«ለምን?»

«ሰዉ የመንግሥት መሰለው።»

እስክሪብቶውን አስቀምጦ አየኝ። «ሰዉ የመንግሥት መሰለው። እኛም የመንግሥት መሰለን። የስንዴ ነው የምትይው አንቺ ብቻ ነሽ» አለ።

ላፕቶፔን ከፍቼ አሳየሁት። ያ ደግሞ የባሰ ሆነ። የማሳ ካርታ፣ ልኬት፣ ከላይ የተነሳ ፎቶ! «ይሄንን ሁሉ እንድታነሺ ማን ፈቀደልሽ?» አለኝ። ኮምፒዩተሩ በሆዱ ስንዴ ያበቅላል እያልኩ ለመርማሪ ሳስረዳ ራሴን ሰማሁት፤ እብድ ነው የምመስለው። በመጨረሻ «ኃላፊሽ ራሱ መጥቶ ይመስክር። ያለዚያ ሰውየው አይወጣም፤ አንቺም ብትመላለሺ እዚሁ ትቀሪያለሽ» አለኝ። ኦቦ ኢቲቻን አላሳየኝም።

ታኅሣሥ 9

ዶክተር ጎበና አይሄዱም። «አሁን? በዚህ ሰዓት? እኔ የቡራዩ ሰው፣ ጎበና የምባል፣ ጣቢያ ገብቼ ስለ ችካል ልመስክር? እኔንስ ማን ያስወጣኛል?» አሉ። እውነት አላቸው፤ እሱ ነው ያናደደኝ። «ትንሽ ይቀዝቅዝ» አሉ። በሩን ወርውሬው ወጣሁ። ተመልሼ ገብቼ ይቅርታ ጠየቅኩ፤ ያለሳቸው ማን አለኝ?

ታኅሣሥ 14

ማሳው ጋ ሄድኩ። ስንዴ የለም።

መጀመሪያ ያቃጠሉት መስሎኝ ነበር። ከዚያ አውድማው ላይ ክምሩን አየሁት። አንድ ትልቅ ክምር፣ ሁሉም በአንድ ላይ።

ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው። ኦቦ ኢቲቻ ችካል ሲነቅል ተያዘ የሚለው ወሬ ሰፈሩን አዳረሰው። ሻጭ ያሉት ሰው በአንድ ቀን ጀግና ሆነ። ማንም ሳይጠራቸው ማጭዳቸውን ይዘው መጡ፤ ወንዱም ሴቱም። የቀሩትን ችካሎች፣ የማዕዘኖቹንም፣ ነቅለው እሳት ውስጥ ጨመሩ። የሳቸውንም የኔንም ስንዴ ሳይለዩ አጨዱት፣ ከመሩት። ሲያለቅሱም ሲዘፍኑም ነበር አሉ አዴ ቦሰና። አሥራ አራት ቁጥር እዚያ ክምር ውስጥ የትም አለ፤ የትም የለም።

ሦስት ዓመቴ ነው እዚያ የተቆለለው። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ጮክ ብዬ አለቀስኩ። አዴ ቦሰና መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ለባላቸው የማለቅስ መስሏቸው ትከሻዬን ያሻሹኛል። እንደዚያ እንዲመስላቸው ተውኩት።

«አታልቅሺ። አንቺ ምን አጠፋሽ?» አሉኝ። «ያን ቀን ጠዋት ልሂድና አምጥቻት ትንቀለው ብላቸው፣ ተያት፣ ልጅቷ ፈርታለች፣ እኔው ልንቀለው አሉ።»

አውቀው ኖሯል።

ታኅሣሥ 21

ጣቢያ ሦስተኛ ጊዜ። ምሳ ተቀበሉኝ፣ ማየት አልፈቀዱም። «ይሳላሉ» አለኝ አንዱ ጠባቂ፣ ሹክ ብሎ። የስልሳ ዓመት ሰው ሲሚንቶ ላይ።

ዶክተር ጎበና ቢሮ ገባሁ። ዛሬ ቁጣም የለኝ፤ ለመንኳቸው። መስኮቱን ዘግተው ተቀመጡ። እሳቸውም ከስተዋል። ሪፖርቱ ካልገባ ፕሮጀክቱ ይዘጋል፣ የኮንትራት ሠራተኛው ሁሉ ይበተናል፣ አሥራ አራትም እዚያው ይቀራል አሉ።

«የተመዘነ ነገር የለም፣ ዶክተር። ተቀላቅሏል።»

«ኮምፒዩተሩ ያለው አለሽ አይደል?»

«አለኝ።»

«ሜዳውስ ያንኑ አይደለም የሚለው? ሦስት ዓመት ሙሉ ትክክል ነው እያልሽ የነገርሽኝ አንቺ አይደለሽም?»

ገባኝ። ያልገባኝ መሰልኩ። እሳቸው ዓይናቸውን ጠረጴዛው ላይ ተክለው «ሪፖርቱ በእጄ ካለ ጣቢያ የምገባበት ፊት ይኖረኛል። የመሥሪያ ቤቱ ሙከራ ነው፣ ውጤቱም ይኸው ብዬ አሳያለሁ። ባዶ እጄን ሄጄ ግን ምን እላለሁ?» አሉ።

አይሆንም አልኩ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያልኩት።

ታኅሣሥ 28፣ ገና

በዓሉ በዓል አይደለም። አምልኮ ላይ ፓስተሩ ለአገር ሰላም ጸለዩ፤ እኔ የአንድ ሰው ስም ብቻ ነው የምጠራው። እኅቶች መጥተው «ምን ሆነሻል?» ሲሉኝ የታሰረ ዘመድ አለኝ አልኩ። አብረውኝ ጸለዩ። ጌታ ሆይ፣ በሐሰት የሚገኝ ነገር አንተ ዘንድ ተቀባይነት የለውም፤ አውቃለሁ። ታዲያ የትኛው በር ነው ያልተዘጋው? አሳየኝና ልግባበት።

አዴ ቦሰና ጣቢያ በር ላይ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው እንደዋሉ ሰማሁ። እዚያም አልሄድኩም። ፊታቸውን ማየት አቃተኝ።

ጥር 2

ሞላሁት።

ትልቅ ነገር መስሎኝ ነበር። አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። ኮምፒዩተሩ ያለውን ገልብጬ «ከማሳ የተመዘነ» በሚለው ሥር አስቀመጥኩት። እንዳለ ቢቀመጥ ማንም እንደሚጠረጥር ስለማውቅ እዚህ ጨመርኩ፣ እዚያ ቀነስኩ። አንዱን መደብ ወፍ በላው አልኩ። ሦስተኛውን ደግሞ ሆን ብዬ አበላሸሁት፤ እውነተኛ ማሳ ላይ ሁልጊዜ የሚበላሽ አለ። እንዲህ ያለ ብልሃት እንዳለኝ አላውቅም ነበር። አሥራ አራት አንደኛ ወጣ።

ደግሞ እኮ ልክ ሊሆን ይችላል። ብንመዝነው ኖሮ ይሄው ሊሆን ይችል ነበር። ሊሆን ይችል ነበር፣ ሊሆን ይችል ነበር። ሰውየው በኔ ፍርሃት ነው የታሰረው፤ በኔ ውሸት ቢወጣ ምናለበት?

ላክሁት። ዶክተር «ተባረኪ» ብለው መለሱልኝ።

ጥር 4

ሬዲዮው ማስተር ፕላኑ ቀርቷል አለ። አከራዬ ድምፁን ከፍ አድርገው ግቢውን በሙሉ ሰበሰቡ። ጎረቤት እርስ በርሱ ይሳሳማል፤ ልጁ የሞተበት አንድ ሰው ብቻ ወደ ቤቱ ገባ። እኔ ስልኬን ይዤ ቆሜያለሁ። ዶክተር ከነገ ወዲያ እሄዳለሁ ብለዋል።

ጥር 6

ሄዱ፤ እኔም አብሬ። ውስጥ የቆየነው አንድ ማኪያቶ የሚጠጣበትን ያህል ነው። መርማሪው ሪፖርቱን አልገለጠውም፤ ሽፋኑን እንኳ ሳያይ ወደ ጎን ገፋው። «ሽማግሌው እኮ ከሚለቀቁት ውስጥ ገብተው ነበር። ለምን ደከማችሁ? እስከ ቅዳሜ ይወጡ ነበር» አለን።

ዶክተር ሳቁ። ኦቦ ኢቲቻን ማታ ሲፈቷቸው በመኪና ሊያደርሷቸው እዚያው ቀሩ፤ እኔ በእግሬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ጥር 7፣ ቅዳሜ

ከኦቦ ኢቲቻ ቤት አሁን ተመለስኩ። ካልጻፍኩት አልተኛም።

ግቢው ሞልቷል። ደቦ የቀሩት ሁሉ መጥተዋል። ኦቦ ኢቲቻ ከስተዋል፣ ጢማቸው አድጓል፣ ሳሉ አልለቀቃቸውም። ሲያዩኝ ሊነሱ ሞከሩ፤ ሮጬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። «ነይ፣ እዚህ ተቀመጪ» ብለው አጠገባቸው ቦታ አስለቀቁልኝ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ከለከሉኝ። «ተይው። ያለፈ አልፏል። ዶክተሩ መኪና ውስጥ ነገሩኝ፤ አሥራ አራት ነው አሉ የበለጠው። እውነት ነው?»

ያኔ ማለት ነበረብኝ። አላውቅም፣ ማንም አያውቅም፣ አልመዘንነውም ማለት። ዓይናቸው ላይ ያለውን ደስታ አየሁ። ያን ሁሉ ቀን ሲሚንቶ ላይ የተኙት ለምንም እንዳልሆነ በምን አፌ ልንገራቸው?

«አዎ» አልኩ።

ወደ ሰዉ ዞረው በኦሮምኛ ጮክ ብለው «ስሙ! ኮምፒዩተር የመረጠው ስንዴ እኔ ማሳ ላይ አንደኛ ወጣ!» አሉ። ሰዉ አጨበጨበ፣ እልል አለ። «ለመጪው ክረምት ማሳዬን ሙሉ እሱን ነው የምዘራው። ልጄ፣ ዘሩን ለኔ ትሰጪኛለሽ አይደል?»

«እሺ» አልኩ።

«ለኔም» አለ ባጫ፣ አጥር የሚጋራቸው ጎረቤት፤ በደቦው ቀን በሩን ዘግቶ የዋለው። አፍሮ ነው፣ መሬት መሬት እያየ ነው የጠየቀኝ። «እኔም እንደ ኢቲቻ ሌላውን ትቼ እሱን ብቻ ነው የምዘራው» አለ።

«እሺ።»

«ለኔም» አለ ሌላው። «ለኔም።» ከበር በኩል አንዲት ሴትዮ ሰዉን እየገፋች መጣች። ባሏ የሞተባት፣ አራት ልጆች ያሏት። «እኔ ያለችኝ አንዲት ጥማድ መሬት ናት። እሷኑ እዘራታለሁ። አንቺን አምኜ ነው» ብላ እጄን በሁለት እጇ ያዘች።

እሷንም እሺ አልኳት።

ሁሉንም እሺ አልኳቸው።